ለእናት ሀገር ቤት፣ ለልጅ ውጭ ሀገር

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ክሊኒካችን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ነው፤ በቀን ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ የሀገሬ ልጆች ናቸው። የመጡት ለጉዞ አልነበረም። ልጁ በመስከረም ለትምህርት ቤቱ እግር ኳስ መጫወት ፈልጎ የጤና ምርመራ ወረቀት ሊያስሞላ ነው።

መግቢያ ላይ ከሚሞላው ፎርም ጥያቄዎች አንዱ «በሚቀጥሉት ወራት ከሀገር ውጭ ይጓዛሉ?» ይላል። እናትየው «አይ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። እኔም አይቼ አልፌዋለሁ። የልጁን የደም ግፊት እየለካሁ፣ ለወግ ያህል «ሰመርን የት ልታሳልፍ ነው?» አልኩት።

«ኢትዮጵያ!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ሐዋሳ፣ አያቴ ጋ። ብቻዬን ነው የምሄደው። የመጀመሪያዬ ነው።»

ፎርሙን አንስቼ እናቱን አየኋት።

«ውይ ሲስተርዬ፣ እሱ እኮ ውጭ ሀገር አይደለም፤ ሀገሩ ነው የሚገባው» አለችኝ። አልዋሸችም፣ አልተሳሳተችምም። ሀያ ዓመት ሙሉ ስትናፍቀው የኖረችውን ቤት «ውጭ ሀገር» የሚል ሳጥን ውስጥ መክተት ከበዳት እንጂ።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለዚያች እናትና እሷን ለሚመስሉ ወላጆች ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲጠባ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ የሚበሩት አውሮፕላኖች በልጆቻችን ይሞላሉ። አውሮፕላኑ አንድ ነው፤ እናትን ሀገሯ ያገባታል፣ ልጇን ግን ውጭ ሀገር ይወስደዋል። ስሙ የእኛ ነው፣ መልኩ የእኛ ነው፣ እንጀራም ይበላል። ሰውነቱ ግን ያደገው እዚህ ነው። የሐዋሳን ውኃ አያውቅም፣ የሐዋሳን ትንኝም አያውቅም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? አገሩ ምን ያደርገዋል?» አለችኝ እናትየው። ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው እዚያው ተወልዶ እዚያው ሰርዶ ሲግጥ ስላደገ በሬ ነው። ወባ ያለበት አካባቢ ያደገ ሰው ደጋግሞ በመታመሙ ሰውነቱ የተወሰነ የመቋቋም አቅም ያበጃል። ያ አቅም ግን እንደ ርስት ለልጅ አይወረስም። ባለቤቱም ቢሆን ከአካባቢው ርቆ ጥቂት ዓመታት ከቆየ ይከዳዋል። ስለዚህ እናትየው ራሷ ነገ ብትሄድ እንደ ልጇ ክኒን ያስፈልጋታል። በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ የወባ ሕሙማን ይመዘገባሉ። አብዛኞቹ ወገን ለመጠየቅ ወደ ትውልድ ሀገራቸው፣ በተለይም ወደ አፍሪካ፣ ሄደው የተመለሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሆቴል የሚያርፈው ቱሪስት ሐኪሙን ጠይቆ ይሄዳል፤ የእኛ ሰው ግን ወደ እናቱ ቤት ለመሄድ ሐኪም መጠየቅ አይመስለውም።

ከዓመታት በፊት የገጠመኝ ነገር ዛሬም ከልቤ አልወጣም። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በሰኔ ወር ለመደበኛ ክትባቷ መጣች። ወጋኋት፣ ሸኘኋት። ሰመርን የት እንደምታሳልፍ አልጠየቅኋትም። ከእናቷ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ሄዳ ነሐሴ መጨረሻ ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ጀመራት። የወሰዷት ክሊኒክ ጉንፋን ነው ብሎ መለሳት፤ እዚያም የት ከርማ እንደመጣች የጠየቀ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። በደሟ ውስጥ የተገኘው ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ ግን ብዙ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ነው። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ። ከዚያ ወዲህ ፎርሙ ላይ የተጻፈውን ብቻ አላምንም፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ የሚመጣን ልጅ ሁሉ በአፌ እጠይቃለሁ።

ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ልጅ ግን ዕድለኛ ነበር፤ ለበረራው አምስት ሳምንት ነበረው። ለጉዞ መዘጋጀት የሚገባው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሻንጣ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ክትባት ግን በሰውነት ውስጥ ሥራውን እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል። የታይፎይድ መርፌ ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ መወጋት አለበት፤ 2 ዓመት ያገለግላል። የማጅራት ገትር ክትባት እዚህ በ11 ወይም በ12 ዓመት ይሰጥና በ16 ዓመት ይደገማል፤ ልጁ 16 ስለሞላው የዚያኑ ዕለት ወጋሁት። የኩፍኝና የጉበት ክትባቶቹ የተሟሉ መሆናቸውን ከመዝገቡ አየሁ።

ቢጫ ወባ ላይ ስንደርስ «ቢጫ ካርድ አለው?» አልኳት። «የኔ አለኝ፤ ለእሱ ግን ገና አላወጣሁለትም። በቪዛ ነው የሚገባው» አለችኝ። እሷ የምትለው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ ነው። እኔ የምለው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት መወሰድን የሚመሰክረውን ዓለም አቀፍ የክትባት ካርድ። ሁለቱም በእኛ አፍ «ቢጫ ካርድ» ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የክትባቱ ካርድ ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ክትባቱ የሚሰጠው ፈቃድ ባላቸው ክሊኒኮች ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ላክኋቸው።

ከዚያ ወደ ወባው መጣን። ልጁ «ወባ» የሚለውን ቃል ሰምቶት አያውቅም። «እኛ ስናድግ ክሎሮኪን ውጠን ይለቀን ነበር» አለች እናቱ። ያ ጊዜ አልፏል፤ ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ከተለማመደው ቆይቷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ የለባትም። ሐዋሳ ግን ወደ 1,700 ሜትር ዝቅ ትላለች። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከአዲስ አበባ በቀር ከ2,500 ሜትር በታች ወዳለ የኢትዮጵያ አካባቢ የሚሄድ ሁሉ መከላከያ ክኒን እንዲወስድ ይመክራል። ዶክተራችን ያዘዘለት ማላሮን የሚባለውን ነው። ወደ ሐዋሳ ከመውረዱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ይጀምራል፣ እዚያ እስካለ በየቀኑ ከምግብ ጋር ይውጣል፣ ከወጣ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሰባት ቀናት ነው። ቤት ገባሁ፣ ዳንኩ ይላሉ። የወባው ጥገኛ ተውሳክ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

«በስንት ሰዓት ልውሰደው?» አለኝ ልጁ ስልኩን አውጥቶ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ስልኩ ላይ 8፡00 የሚለው ለአያቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ በሰመር ወራት ደግሞ ከዲሲ ጋር የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። «ሰዓቱን እርሳው። አያትህ ቁርስ ስታቀርብልህ፣ እንጀራ ፍርፍሩ ላይ እጅህ ከማረፉ በፊት ክኒኑ ይቅደም» አልኩት። ክኒኑን እዚሁ ገዝቶ፣ ከነብልቃጡ በእጅ ቦርሳው እንዲይዝ፣ ማታ አጎበር ውስጥ እንዲተኛ፣ ሲመሽ እጅና እግሩን የትንኝ መከላከያ እንዲቀባ ነገርኩት።

የልጁ ሻንጣ ዝርዝር ስልኩ ላይ ነበር፤ አሳየኝ። አምስት ቁምጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ አንድም ሹራብ የለም። እናቱ «በክረምት ነው የምትሄደው» ብላዋለች። የአማርኛ ትምህርቱ ደግሞ ክረምት የብርድ ወቅት ነው ይላል፤ እሱ ግን ሰመር መሆኑን ስለሚያውቅ እናቴ ቃል ተሳስታለች ብሎ አልፎታል። ሐምሌ በአዲስ አበባ ዝናብ ነው፤ ቀኑ ከ21 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሹራብና የዝናብ ልብስ ጨመረ። ቦሌ እንደደረሰ ከአክስቱ ልጆች ጋር ኳስ ለመጫወት ማቀዱንም ነገረኝ። ዲሲ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ በአንድ ሌሊት ከ2,300 ሜትር በላይ ለወጣ ሳንባ ሁለትና ሦስት ቀን ዕረፍት ይገባዋል። ራስ ምታትና ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ ቢመጣበት እንዳይደነግጥ፣ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ፣ ኳሱ ሐዋሳ እንዲጠብቀው ተስማማን።

ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሲመጣ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ እናቱ ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንድትጠብቀን ለመንኳት። ከወጣች በኋላ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። «አማርኛዬ ቢያስቃቸውስ?» «ጥሬ ሥጋ ብላ ቢሉኝስ?» «ብታመም ለማን ነው የምናገረው? እማማ እንግሊዝኛ አትችልም።»

ለመጀመሪያው መልስ የለኝም፤ ይሥቃሉ፣ በፍቅር ነው የሚሥቁት አልኩት። የሁለተኛው በቃል ይመለሳል። በእኛ ባህል «አልበላም» ማለት ሰው ማስቀየም ነው፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ የዓሣ ሾርባውን ትኩሱን ይጠጣ፣ የተጠበሰውን ይብላ። ጥሬውን ዓሣ፣ ጥሬውን ሥጋና ክትፎውን ግን «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበል። የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ሆኖ ይየው፣ በጀልባ ይሂድበት፤ አይዋኝበት። ቢልሃርዝያ በውኃው ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ምንም ባልቆሰለ ቆዳ ይገባል። ውሻም እንዳይነካ አጥብቄ ነገርኩት። እዚህ ውሻ ካየ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ነው፤ እዚያ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያጥባል፣ ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሄዳል።

ለሦስተኛው ጥያቄ ወረቀት አወጣን። «ራሴን ያመኛል። ትኩሳት አለኝ። ያቅለሸልሸኛል። ሆዴን ቆረጠኝ። መተንፈስ አቃተኝ።» አንድ በአንድ በፊደል ጻፍኩለት፤ እሱ ደግሞ ከታች እንደሚቀለው በራሱ ፊደል ጻፈ። ደጋግመን ተለማመድነው። «ያቅለሸልሸኛል» አስቸገረው፤ በአምስተኛው ጊዜ ሲሳካለት ጎል እንዳገባ ሰው እጁን አነሳ። ከታዘዘለት መድኃኒት ሁሉ ይህ ወረቀት እንደሚበልጥ ያኔ ታወቀኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕመሙን የተናገረችለት እናቱ ናት። አሁን የራሱን ሰውነት በራሱ አፍ፣ በአያቱ ቋንቋ ሊናገርለት ነው።

ከዚያ መዝገቡን ገልብጬ እንዲህ የሚል አየሁ፦ «ፒናት» (peanut)፤ ከባድ አለርጂ። በአራት ዓመቱ ጉሮሮው አብጦ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። «በአማርኛ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም። እናቱን ጠርተን ጠየቅናት። «ለውዝ» አለች፤ ከዚያም ዝም አለች። ለልጇ ቃሉን አስተምራው አታውቅም፤ እዚህ የምግቡን ሁሉ መለያ የምታነበው እሷ ናት፣ እንግሊዝኛውም ይበቃት ነበር። ሐዋሳ ግን ለውዝ መለያ የለውም። ቆሎው ውስጥ ይገባል፣ ሻይ ይሆናል፣ ቅቤ ሆኖ ዳቦ ላይ ይቀባል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ደግሞ ወተትና ቅቤ ሲቀር የለውዝ ቅቤ በየቤቱ ይበረክታል።

«እናትሽ ያውቃሉ?» አልኳት።

«አልነገርኳትም። በዚህ ዕድሜዋ ለምን ላስጨንቃት ብዬ።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! እኛ ሰዎች ሕመምን ከሽማግሌ እንሰውራለን፤ ፍቅር ነው ብለን። ልጁን በእጇ የምታጎርሰው ግን ያቺው ሽማግሌ ናት። ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለነበር ሐዋሳ ገና አልመሸም። «አሁን እንደውልላቸው፤ የሚናገረው ግን እሱ ይሁን» አልኩ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ድምፁ ተከፈተ። አያት ድምፁን ሲሰሙ ምርቃቱን አወረዱት። ልጁ ወረቀቱን ይዞ እስኪጨርሱ ጠበቀ። «እማማ፣ እኔ ለውዝ አልበላም። ለውዝ ከበላሁ ጉሮሮዬ ይዘጋል። መተንፈስ አቃተኝ... አይደለም፣ ያቅተኛል።»

ከወዲያ ማዶ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያም አያት «እኔ ነኝ ጉዱ! ላንተ ብዬ ሁለት ኪሎ ለውዝ ገዝቼ፣ ቆልቼ፣ ከገብሱ ቀላቅዬ አስቀምጬልህ የለም ወይ!» አሉ። እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ራሴን አስተዋውቄ ነገሩን አስረዳሁ፦ ቆሎውን ለጎረቤት ይስጡት፣ የተቆላበትን ምጣድ በሳሙና ይጠቡት፣ ሌላ ምግብ አይቁሉበት። «ምጣዱንም እሰጣለሁ» አሉኝ። «ቤቴ ለውዝ አይገባም። ሌላስ ምን አይበላም ልጄ? ሁሉን አሁኑኑ ንገሩኝ፤ ኋላ አትደብቁኝ።»

ያላስጨነቅናቸው መስሎን የኖርነው እኛ ነን። እሳቸውን የጎዳቸው አለመነገራቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልምምድ ነው። ለአለርጂው የሚወጋው ኤፒፔን ሁለት ይይዛል፤ አንዱ ካልበቃ ሌላው እንዲኖር። የሚያበቃበትን ቀን አየን። በእጅ ቦርሳው ይሆናል እንጂ በሻንጣ አይገባም፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተውም። መርፌ የሌለውን የመለማመጃውን ብዕር ሰጠሁትና እናቱ ላይ አሳየኝ። ሰማያዊውን ክዳን ነቀለ፣ ብርቱካናማውን ጫፍ በጭኗ ውጫዊ ጎን ላይ ተጫነ፣ እስከ ሦስት ቆጠረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠችው እናቱ ናት። የመለማመጃውን ብዕር ይዞ እንዲሄድ፣ ሐዋሳ በገባ ማግስት አያቱንና አጎቱን አስቀምጦ እንዲያሳያቸው ነገርኩት። ከተወጋ በኋላ ቢሻለውም ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ከአያቱ ቤት እስከ ሆስፒታል ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ሌሊት መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ አጎቱ አስቀድሞ ይወቅ።

ለወላጆች የምለው ይኸው ነው። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና ብቻውን ለሚበር ልጅ የሚጻፈውን የስምምነት ደብዳቤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ከበረራው ስድስት ሳምንት በፊት «ውጭ ሀገር ልሄድ ነው» ብሎ በራሱ አፍ ለሐኪሙ እንዲናገር ልጁን ራሱን ይዛችሁ እንድትመጡ ነው። ሕመሙን በአማርኛ አስተምሩት። የማይበላውን ለአያቱ እሱ ይንገራቸው። ሲመለስም ትኩሳት ከያዘው፣ በሳምንቱም ይሁን በሦስተኛው ወር፣ ሐኪም ዘንድ ገብቶ የመጀመሪያ ቃሉ «ኢትዮጵያ ነበርኩ፤ የወባ ምርመራ አድርጉልኝ» ይሁን። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከዚያም ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል ዓመት እስኪሞላ ድረስ ይህን ቃል አይርሳ።

ነሐሴ ሊገባደድ ሲል እናትየው ደወለችልኝ። ልጁ በሰላም ተመልሷል። አማርኛው ተሻሽሏል፣ ጠቁሯል፣ አልታመመም። ከሰባቱ የመጨረሻ ቀናት አራተኛው ላይ ነው። «ይረሳው ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እናቴ ግን አታስረሳውም» አለችኝ። ልጁ እዚህ ቁርስ ሲቀርብለት ሐዋሳ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አያት በየቀኑ በዚያች ሰዓት ይደውላሉ፤ ከሰላምታም ከምርቃትም በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል።

«ክኒንህን ዋጥህ?»